ፊልሙን ለስካነሩ ምረጡት

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለት ኔጋቲቭ ይዤ መጥቻለሁ። እያያችሁ ወደ ኋላ አሳልፉት፣ ግን ጠርዙን ብቻ ያዙ። ሁለቱም የአንድ ሽማግሌ ፊት ነው። ያው መስኮት፣ ያው ካሜራ፣ ያው ሌንስ፤ በመካከል ያለፈው ጊዜ ፊልም የቀየርኩባት አምስት ደቂቃ ብቻ ናት። የመጀመሪያው ኮዳክ ትራይ-ኤክስ ነው፣ ሮዲናል በሚባል ማጠቢያ የታጠበ። ሁለተኛው ቲ-ማክስ 400 ነው፣ በኤክስቶል የታጠበ።

ጨለማ ክፍል ገብቼ ሁለቱንም በብር ወረቀት ላይ ያተምኳቸው ጊዜ ልቤን የወሰደው የመጀመሪያው ነው። የግንባራቸው መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ጢማቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ስካን ሳደርጋቸው ግን ነገሩ ተገለበጠ። የዚያው የምወደው ኔጋቲቭ ግንባር አሸዋ የተበተነበት መሰለ። ጉንጫቸው ላይ፣ ብርሃኑ ከመስኮት በቀጥታ ያረፈበት ቦታ፣ ቆዳ ሳይሆን ነጠብጣብ ብቻ ነበር። ቲ-ማክሱ ደግሞ ልስልስ ብሎ መጣ፣ ከዓይናቸው ስር ያለችው ቀጭን እጥፋት ሳትቀር።

ፊልሙ አልተለወጠም። የተለወጠው የሚያነበው ነገር ነው። ዛሬ የምነግራችሁም ይህንኑ ነው፦ ፎቶው መጨረሻ ላይ በፕሪንተር የሚታተም ከሆነ፣ ለጨለማ ክፍል ሰዎች የተነገረውን የፊልም ምክር እንዳለ አትውሰዱት። ኔጋቲቩን መጀመሪያ የሚያየው ስካነሩ ነው፣ እሱ ደግሞ የራሱ የሚወደውና የሚጠላው ነገር አለው።

መጀመሪያ ያ አሸዋ ከየት እንደመጣ እንይ።

ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ምስሉን የሚሠራው ብር ነው። ፊልሙ ሲታጠብ ብርሃን ያገኘው ቦታ ላይ ጥቃቅን የብር ቅንጣቶች ይቀራሉ። አንዷ ቅንጣት እጅግ ትንሽ ናት፣ በዓይን የምናየው ሻካራነት የብዙ ቅንጣቶች ክምችት ነው። ስካነር በ4,000 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 4,000 ነጥብ፣ ሲያነብ አንዷ ነጥቡ ፊልሙ ላይ 6 ማይክሮን ያህል ትሸፍናለች። በ2,700 ከሆነ 9 ማይክሮን ገደማ። እንግዲህ የስካነሩ ነጥቦች በሥርዓት የተሰለፉ ናቸው፣ የብሩ ክምችት ግን እንደ ፈለገው የተበተነ ነው። የሁለቱ መጠን ሲቀራረብ ይጋጫሉ። አንዱ ነጥብ ክምችቱን ሙሉ ያገኘዋል፣ ጎኑ ያለው ክፍተት ላይ ያርፋል፣ እና ፋይሉ ላይ ፊልሙ ራሱ ከያዘው የባሰ ሻካራነት ይታያል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ፊልሙን ይረግማል። ፊልሙ ምንም አላጠፋም።

ሁለተኛ ምክንያትም አለ። ብር ብርሃንን ይበትናል። የስካነሩ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚመጣ ከሆነ ወፍራሙ፣ ብሩ የበዛበት የኔጋቲቭ ክፍል ላይ ብዙው ይበተንና ወደ ማንበቢያው ሳይደርስ ይቀራል። ወፍራም ቦታ ማለት ደግሞ፣ ኔጋቲቭ ላይ ብሩሁና ጨለማው ስለሚገለበጥ፣ ፎቶው ላይ ብሩህ የሚሆነው ነው፦ ሰማይ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ብርሃን ያረፈበት ጉንጭ። ስለዚህ እዚያ ቦታ ኮንትራስቱ፣ የጥቁርና የነጩ ልዩነት፣ ይከራል፣ ሻካራነቱም ይጎላል፣ የስካነሩ የራሱ ጫጫታም፣ ማለትም ምስሉ ላይ የሌለ ነጠብጣብ፣ ይጨመርበታል። ሰማይ ላይ ያ ሁሉ ነጠብጣብ የሚታየው ለዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ የፊልም ምርጫው ራሱ መልክ ይይዛል።

በግርድፉ ሦስት ዓይነት ፊልም አለ። የቆዩት አሉ፦ ትራይ-ኤክስ፣ ኤችፒ5 ፕላስ፣ ኤፍፒ4 ፕላስ። ትራይ-ኤክስ በ35 ሚሊ ሜትር የወጣው በ1954 ነው፣ ስንት ጋዜጠኛ በእሱ ሠርቷል። የብር ቅንጣታቸው እንደ ጠጠር ድብልብል ያለ ነው። ሁለተኛዎቹ ቅንጣታቸው ጠፍጣፋ የሆነ ነው፤ ኮዳክ ቲ-ማክስን በ1986 አወጣ፣ ኢልፎርድ ደግሞ ዴልታን ተከታትሎ አመጣ። ጠፍጣፋ ቅንጣት ብዙ ብርሃን ይቀበላል፣ ግን ቦታ አይፈጅም፤ ስለዚህ የፊልሙ የብርሃን ፍጥነት ያው 400 ሆኖ ሳለ ልስላሴው ይበልጣል። ሦስተኛው እንደ ቀለም ፊልም የሚታጠበው ጥቁርና ነጭ ነው። አሁን በቀላሉ የሚገኘው ኢልፎርድ ኤክስፒ2 ሱፐር ነው። ኮዳክም የራሱን፣ ቢደብልዩ400ሲኤን የሚባለውን፣ ይሠራ ነበር፤ በ2014 አቆመው።

እስቲ ኤክስፒ2 ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰዎች ይንቁታል። "እውነተኛ ጥቁርና ነጭ አይደለም" ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፣ በተለይ ለዲጂታል ህትመት።

ይህ ፊልም ሲታጠብ ብሩ በሙሉ ተጠርጎ ይወጣል። ምስሉን የሚይዘው ትናንሽ የማቅለሚያ ደመና ነው። ደመና ስል ዳርና ዳሩ ለስለስ ያለ፣ አንዱ በሌላው ላይ የሚደራረብ ማለቴ ነው። ስካነር ይህን ይወደዋል። ብርሃኑ አይበተንም፣ ብሩህ ቦታዎች አይከሩም። ደግሞ አንድ የሚገርም ጠባይ አለው፦ ብርሃን ጨመር ሲደረግለት ሻካራነቱ ይቀንሳል። የብር ፊልም በተቃራኒው ነው፣ ሲወፍር ይሻክራል። ሳጥኑ ላይ 400 ተብሎ ተጽፏል፣ እኔ ካሜራው ላይ 200 አድርጌ፣ ማለትም ብርሃን ጨምሬ፣ ነው የማነሳበት፣ ጥላ ውስጥ ያለው ዝርዝርም ይበልጥ ይሞላልኛል።

ትልቁ ጥቅሙ ግን አቧራ ነው። ስካን ያደረገ ሰው ያውቀዋል። አንድ ፍሬም ላይ ተቀምጦ ነጭ ነጥብ በነጥብ ማጥፋት ማታ ይበላል። ብዙ ስካነሮች ለዚህ የኢንፍራሬድ መጥረጊያ አላቸው። አሠራሩ ቀላል ነው። ማቅለሚያ ኢንፍራሬድ ብርሃንን ያሳልፋል፣ አቧራና ጭረት ግን ያግደዋል። ስለዚህ ማሽኑ በኢንፍራሬድ ሲያይ ምስሉ ይጠፋና አቧራው ብቻ ይቀራል፣ ከዚያ ያንን ቦታ ጎን ካለው ይሞላዋል። ብር ግን ኢንፍራሬድን ያግዳል። ማሽኑ ምስሉን ራሱን አቧራ ነው ብሎ ይወስደዋል።

ይህን ሳላውቅ አንድ ጊዜ ሙሉ ሮል ኤችፒ5 መጥረጊያውን ከፍቼ ስካን አደረግኩ። የሰርግ ፎቶ ነበር። ሙሽራዋ ዓይኗን ጨፍና ስትስቅ ያነሳኋት ነበረች። በትንሹ ስክሪን ላይ ደህና ይመስላል። ሳጎላው ሽፋሽፍቷ ተበልቷል። ጥቁር ፀጉር በነጭ ቆዳ ላይ ያለበት ቦታ ሁሉ ጥርስ እንደነካው ጨርቅ ተቦጫጭቋል። መጥረጊያውን ዘግቼ ከአንድ እስከ 36 እንደገና ጀመርኩ። ስለዚህ የምትይዙት የብር ፊልም ከሆነ ያንን ምልክት አጥፉት፣ በቃ። ኤክስፒ2 ከሆነ ክፈቱት፣ በሰላም ተኙ።

እንከኑንም ልናገር። ማቅለሚያ እንደ ብር ዕድሜ የለውም። በደንብ የታጠበ የብር ኔጋቲቭ ከእኛ በኋላም ይኖራል፣ ማቅለሚያው ግን ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። የልጆቼን ፎቶ በብር ነው የማነሳው። ሌላው ደግሞ፣ ኤክስፒ2 የሚታጠበው በቀለም ፊልሙ መንገድ ነው፣ 38 ዲግሪ ላይ፣ በተወሰነ ደቂቃ። ፎቶ ቤት ያጥበዋል፣ ያ ምቾት ነው፤ ግን እጥበቱን እንደ ብርሃኑ ሁኔታ ላስተካክል ለሚል ሰው ብዙ መላወሻ አይሰጠውም።

አሁን ወደ ኮንትራስት እንምጣ፣ ምክንያቱም አሮጌው ምክርና አዲሱ የሚጣሉበት ዋናው ቦታ ይህ ነው።

በጨለማ ክፍል ወረቀት የኮንትራስት ቁጥር አለው። ኔጋቲቩ 2 ቁጥር ወረቀት ላይ በደንብ እንዲቀመጥ ተደርጎ ይታጠባል። ስለዚህ "ጥሩ ኔጋቲቭ" ሲባል ዓይን ላይ ጠንከር ያለ፣ ጥቁሩ ጥቁር ነጩ ነጭ የሆነ ነው። ኮምፒውተር ላይ ይህ ሁሉ በአንድ ከርቭ፣ ብሩህነትን በሚያስተካክል መስመር፣ ይስተካከላል። ኮንትራስት መጨመር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከመጠን በላይ የጠቆረ ኔጋቲቭ ውስጥ ገብቶ ስካነሩ ያላነበበውን ማውጣት ግን አይቻልም።

በመሆኑም ለስካን የሚሆን ኔጋቲቭ ስስ ያለ፣ ለዘብ ያለ ነው። ብርሃን ሳይጎድልበት ማለቴ ነው፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ብርሃን የጎደለው ኔጋቲቭም ስስ ነው፣ ግን ጥላው ባዶ ነው። ባዶ ፊልም ላይ ከርቭ ብትስቡ የምታገኙት ጫጫታ ብቻ ነው። የምፈልገው ጥላው ሞልቶ ብሩሁ ያልከበደ ነው። ይህ እንዴት ይመጣል? ብርሃን ጨምሩ፣ እጥበቱን ቀንሱ። የ400 ፊልም ካሜራው ላይ 250 ወይም 200 አድርጉና የማጠቢያ ደቂቃውን ከ10 እስከ 15 በመቶ አሳጥሩ። ጥላ የሚወሰነው በብርሃኑ ነው፣ ብሩሁ ቦታ የሚወሰነው ደግሞ በእጥበቱ ነው። ይህ የአባቶች ሕግ ነው፣ ለስካነርም ይሠራል።

መሣሪያ ሳያስፈልግ የምታረጋግጡበት መንገድ ላሳያችሁ። የደረቀውን ኔጋቲቭ ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር በታተመ ጽሑፍ ላይ አስተኙት። ብሩህ የሚሆነውን፣ ማለትም ኔጋቲቩ ላይ በጣም የጠቆረውን ቦታ ፊደል ላይ አድርጉ። ከስሩ ያለው ፊደል በጭንቅ ከተነበበ ጥሩ ነው። ጭራሽ ካልታየ ወፍሯል፣ በሚቀጥለው እጥበት ቀንሱ። ቁልጭ ብሎ ከተነበበ ደግሞ ሳስቷል። እኔ አሁንም ከስካነሩ አጠገብ አንድ ገጽ ጽሑፍ አስቀምጫለሁ፣ ለዚሁ ብቻ።

ታዲያ የትኛው ፊልም ነው ይህን በቀላሉ የሚሰጠው? ኤችፒ5 ፕላስ ከሁሉም ገር ነው። ደቂቃው ትንሽ ቢያልፍ፣ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ቢዛነፍ ይታገሣል፣ ከተፈጥሮውም ለዘብ ይላል። ጨለማ ክፍል ውስጥ "ግራጫ ይበዛዋል" ብለው የሚያሙት ለዚህ ነው። ለስካነር ግን ይህ ሐሜት ምስጋና ነው። ቲ-ማክስ 400 ይበልጥ ልስልስ ነው፣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብሩሁ ቦታው ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ብታጥቡት ብታጥቡት ይጠቁራል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው አይያዘው። ቴርሞሜትርና ትዕግሥት ካላችሁ ግን ከ400 ፊልሞች ሁሉ ስካነር ላይ የምመርጠው እሱን ነው። ከታጠበ በኋላ ሐምራዊ ነገር ቢታይበት አትደንግጡ። የፊልሙ የራሱ ማቅለሚያ ነው፣ ፊክሰር በሚባለው ምስሉን በሚያጸና ፈሳሽ ውስጥ ትንሽ ሲቆይና በውሃ በደንብ ሲለቀለቅ ይወጣል።

ማጠቢያውም ከፊልሙ እኩል ነው። ሮዲናል ከ1891 ጀምሮ ያለ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ቅንጣቱን እንደ ምላጭ ያሾለዋል። ያንን ነው ሽማግሌው ግንባር ላይ ያየነው። እንደ ዲ-76 እና ኤክስቶል ያሉት የቅንጣቱን ጫፍ ትንሽ ያሟሙታል፣ ስካነርም ይህን ይወድላቸዋል። ትራይ-ኤክስን የምትወዱ ሰዎች ፊልማችሁን አትጣሉ፣ ማጠቢያውን ቀይሩ። ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ብርሃን በጣም ባነሰበት ቦታ የምታነሱ ካላችሁ፣ ዴልታ 3200 ስሙ ነው እንጂ እውነተኛ ፍጥነቱ 1000 ገደማ ነው። 3200 ላይ ስታነሱበት ጥላውን እየሸጣችሁ ነው። ለስካን ከሆነ 1000 ወይም 1600 ላይ አድርጉት።

እዚህ ጋ የፊልም ስም ከመጥራት በፊት መጠየቅ የነበረበትን ላንሳ። የፊልሙ ስፋት።

የ35 ሚሊ ሜትር ፍሬም 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው። ጥሩ የፊልም ስካነር በ4,000 ዲፒአይ ሲያነበው 5,669 በ3,780 ፒክሴል ይሰጣል። በ300 ዲፒአይ ሲታተም 48 በ32 ሴንቲ ሜትር ነው። ቆንጆ። ግን አብዛኛው ሰው ያለው ጠፍጣፋው ስካነር ነው፣ ወረቀትም የሚያነበው ዓይነት። ሳጥኑ ላይ 6,400 ይላል። በእውነት የሚያነበው ከ2,300 ብዙም አይበልጥም። በዚህ ሂሳብ 35ቱ የሚሰጠው 27 በ18 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ስታሳድጉት ባዶውን ነው የምታሳድጉት። በዚያው ስካነር ላይ ሰፊውን የ120 ፊልም፣ 6 በ6 ሴንቲ ሜትር የሚባለውን፣ ስታስቀምጡ ግን አንድ ጎኑ ብቻ 42 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ስፋቱ የ35ቱን ሦስት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። ሻካራነቱም ያንሳል፣ ምክንያቱም ያነሰ ነው የሚጎላው።

ስለዚህ ጠፍጣፋ ስካነር ያለው ሰው መጥቶ "ትራይ-ኤክስ ልተውና ቲ-ማክስ ልያዝ?" ሲለኝ፣ መጀመሪያ የምለው ያረጀ የ120 ካሜራ ፈልግ ነው። ከስም ለውጡ ይልቅ ይህ ይታያል። ይህ ካልተቻለና 35 ብቻ ከሆነ ያላችሁ፣ በዲጂታል ካሜራና በማክሮ፣ ማለትም ከቅርብ በሚያነሳ፣ ሌንስ ማንበብን ሞክሩ። ኔጋቲቩን እኩል በሚያበራ ሰሌዳ ላይ ማስቀመጥ፣ ካሜራውን ከላይ ቀጥ አድርጎ ማሰር፣ አንድ ጊዜ መጫን። 24 ሜጋፒክሴል ካሜራ ፍሬሙን ሙሉ ሲይዝ ከ4,000 ዲፒአይ ጋር የሚቀራረብ ነው፣ ሰሌዳው የሚሰጠው የተበተነ ብርሃንም ለብር ቅንጣት ይመቻል። ያንን አሸዋ የመሰለውን ኔጋቲቭ በዚህ መንገድ እንደገና ሳነበው ግማሹ አሸዋ ጠፋ።

ለጥ ብሎ የሚተኛ ፊልምም ምረጡ። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን የተጠማዘዘ ፊልም መሃሉ ሲጠራ ጠርዙ ይደበዝዛል። የፊልም መሠረቱ ከፖሊስተር የተሠራ አለ፣ ቀጥ ብሎ ይተኛል፣ እንደ መስታወት የጠራ ነው። ከካሜራ ስታወጡት ግን ጥላ ውስጥ ሁኑ፣ በጫፉ በኩል ብርሃን እንደ ቧንቧ ውሃ ይገባበታል።

አንድ ቅሬታም አለኝ። ዓመት ሙሉ አንድን ፊልም ጠላሁ። ፊልሜን ለአንድ ፎቶ ቤት እሰጥ ነበር፣ አጥበው ስካን አድርገው ይልኩልኛል። ሰማዩ ሁሌ ነጭ፣ ጥላው ሁሌ ጥቁር። ፊልሙ ነው ብዬ ሌላ ያዝኩ፣ እሱም ያው ሆነ። ኔጋቲቩን ራሴ ሳነበው ደመናው ሁሉ አለ። ለካ ማሽኑ በራሱ ኮንትራስት እየጨመረ በ8 ቢት ጄፔግ ነበር የሚያስቀምጠው። 8 ቢት ማለት ከጥቁር እስከ ነጭ 256 ደረጃ ነው፣ 16 ቢት 65,536 ነው። ለስላሳ ኔጋቲቭ ላይ ከርቭ ስትስቡ 256 አይበቃም፣ ሰማዩ እንደ ደረጃ ይቆራረጣል። ፎቶ ቤት ስትልኩ አፍ አውጥታችሁ ጠይቁ፦ ለዘብ ያለ፣ 16 ቢት፣ ቲፍ የሚባለው የፋይል ዓይነት። እምቢ ካሉ ማጠቡን ብቻ ስጧቸው።

ከፊት ያለው ወንድሜ እጁን አንስቷል። አዎ። "በቀለም ፊልም አንስቼ ኮምፒውተር ላይ ጥቁርና ነጭ ባደርገውስ?" ነው የሚለው።

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ለብዙ ፎቶ አዎ ነው። በጥቁርና ነጭ ፊልም ሰማዩን ማጥቆር ከፈለጋችሁ ቀይ ማጣሪያ ሌንሱ ላይ ታደርጋላችሁ፣ ያ ደግሞ ሦስት ስቶፕ ያህል ብርሃን ይበላል፣ ማለትም ብርሃኑን ሦስት ጊዜ በግማሽ ይቀንሰዋል። ያኔ ያላደረጋችሁትን በኋላ ማድረግ አይቻልም። ፊልሙ ሰማያዊውንም ቀዩንም አንድ ግራጫ አድርጎ ዘግቶታል። እንደ ፖርትራ 400 ያለ የቀለም ኔጋቲቭ ግን ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ለየብቻ ይዟል። ቤት ቁጭ ብላችሁ ቀዩን ብቻ ትወስዳላችሁ፣ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ቆዳ ይለሰልሳል፣ ቡግር ይጠፋል። አረንጓዴውን ስትወስዱ ፊት ዝርዝር ያገኛል። ሰማያዊውን ግን ተጠንቀቁ፣ ከሦስቱ በጣም የሚሻክረው እሱ ነው። የኢንፍራሬድ መጥረጊያውም ይሠራል። ለተራራ፣ ለደመና፣ ለሕንፃ እኔም አደርገዋለሁ። ለሰው ፊት ግን ብሩን አልተውም። የብር ቅንጣት ወረቀት ላይ ሲያርፍ ቆዳን የሚያስመስለው ነገር አለ፣ በቀለም ፊልም አላገኘሁትም።

የብር ፊልምን በቀለም አድርጋችሁ ስካን ካደረጋችሁም ከሦስቱ አረንጓዴውን ብቻ ያዙ። በብዙ ስካነር ላይ የጠራው እሱ ነው።

"ታዲያ ዲጂታል ካሜራውስ?" አሉ እዚያ ጋ። ለአንዳንድ ሥራ ትክክል ነው። እኔን ፊልም ላይ የያዘኝ ብሩህ ቦታው ነው። ኔጋቲቭ ከመጠን ያለፈ ብርሃን ሲመጣበት ቀስ እያለ ነው የሚሞላው፣ ዲጂታል ግን ድርግም ብሎ ነጭ ይሆናል። ሌላው፣ ኔጋቲቩ በእጄ ነው። ከዓመታት በፊት በደካማ ስካነር ያነበብኩትን ዛሬ በተሻለ አንብቤ ፎቶውን እንደ አዲስ አግኝቸዋለሁ።

መጨረሻው ወረቀት ነው፣ እሱም ወደ ፊልሙ ተመልሶ ይናገራል። የማያብረቀርቅ የጥጥ ወረቀት ቀለሙን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ጥቁሩ ያን ያህል አይጠልቅም። የጥቁረት መለኪያው 1.6 ወይም 1.7 አካባቢ ነው። ባራይታ የሚባለው የሚያብረቀርቅ ወረቀት ከ2.2 በላይ ይሄዳል። ስለዚህ በጥጥ ወረቀት የምታትሙ ከሆነ ጥላዎቹ እርስ በርስ ይጠጋጋሉ፣ እና ጥላው ያልሞላ ኔጋቲቭ ወዲያው ይጋለጣል። ብርሃን ጨምሩ ያልኩት እዚህ ጋ ዋጋ አለው። በሌላ በኩል ጥጡ ሻካራነትን ይውጣል። ስክሪን ላይ ያስጠላኝ ኤችፒ5 በጥጥ ወረቀት ላይ ሲወጣ ደስ የሚል ሆኖ ያውቃል። ባራይታ ግን ምንም አይደብቅም፣ እዚያ ላይ ልስልሱን ፊልም ነው የምወስደው። ማሾያውንም ቀስ በሉ፤ ኮምፒውተሩ ሽፋሽፍትና የብር ቅንጣትን አይለይም፣ ሁለቱንም ነው የሚያሾለው።

ነገ መሞከር ለሚፈልግ እንዲህ ያድርግ። ሁለት ፊልም ይግዛ፣ ለምሳሌ ኤችፒ5 እና ቲ-ማክስ 400። አንድ ሰው መስኮት አጠገብ ያስቀምጥ፣ ነጭ ልብስ የለበሰና ከኋላው ጨለማ ያለበት። በየፊልሙ 400 ላይ አንድ፣ 200 ላይ አንድ፣ 100 ላይ አንድ። የቀረውን ሮል የፈለገውን ያንሳበት። ያጥበው፣ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ለዘብ ባለ ሁኔታ ስካን ያድርግ። ከዚያ ሙሉውን ፎቶ አያትም፣ ውድ ነው። ፎቶው በመጨረሻ የሚታተምበትን መጠን ይወስን፣ ከዚያ ውስጥ ፊቱንና የሸሚዙን ኮሌታ ብቻ በጣት ሦስት ያህል ስፋት ቆርጦ፣ ስድስቱን ቁራጭ በአንድ ወረቀት ላይ ደርድሮ ያትመው። ጀርባው ላይ በእርሳስ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጻፍ። ፎቶው ሊሰቀል የታሰበበት ግድግዳ ላይ፣ በዚያው ብርሃን፣ ይለጥፈውና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይቁም።

እነዚያን ሁለት ኔጋቲቮች ግን መልሱልኝ። ሦስተኛው ረድፍ ጋ ናቸው መሰለኝ።